የአሥራ አምስት ቀን ወረቀት

«እስቲ ወደ በሩ ዙር፤ ብርሃኑ ላይ ልይህ። እሰይ፣ ተመስገን! ዛሬስ አስኳል መስሏል።»

አምሳል ይህን የሰማችው በእህቷ ሻይ ቤት የጓሮ በር፣ በወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ ኪሎ ስኳር ይዛ፣ አንድ እግሯን ደፉ ላይ እንዳሳረፈች ነው። ድምፁ የእህቷ የታንጉት ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ዓይኑን ለብርሃን የሚያሳይ ሰው ደግሞ አንሙት ብቻ ነው፤ የታንጉት ሁለተኛ ልጅ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ፣ የወፍ በሽታ ይዞት ቢጫ ሆኖ ከተኛ ወር ያለፈው። አምሳል በደባርቅ ክሊኒክ ጤና ረዳት ከሆነች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ብዙ ጉድ ሰምታለች፤ ልጄ ቢጫ ሆነልኝ ብላ ተመስገን የምትል እናት ግን ሰምታ አታውቅም። ጉሮሮዋን ጠረገችና ገባች።

ቤቱ አንድ ክፍል ሆኖ በኮምፖርሳቶ ለሁለት የተከፈለ ነው። ከፊት ያለው ሻይ ቤት ነው፤ ከዛሪማ በሊማሊሞ ሽቅብ ሲያቃስቱ የመጡ የጭነት መኪኖች ሹፌሮች ጉም በልብሳቸው ላይ እንዳለ ገብተው ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም የሚጠጡበት፣ አራት አግዳሚ ወንበርና አንድ የተጣመመ ጠረጴዛ ያለው። ከኮምፖርሳቶው ወዲህ አልጋው፣ ሳጥኑና ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ ነው። ጋዜጣው ላይ ሰው ሁሉ እጁን ጨብጦ ሰልፍ ወጥቷል። ከመስተዋቱ ጥግ የታንጉት የመጀመሪያ ልጅ የያየህ ፎቶ ተሰክቷል፤ ከራሱ የሚሰፋ ቆብ አጥልቆ ከጦር ማሠልጠኛ የላከው። ከዚያ ወዲህ አንድ ደብዳቤ መጣ። ከደብዳቤው ወዲህ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነ፤ ወሬም የለ፣ መርዶም የለ።

«ስኳር ነው ያመጣሽው? ከየት አገኘሽ እቴ?» አለች ታንጉት፣ የልጇን ብርድ ልብስ እየጎተተች።

«ከሕብረት ሱቅ። የወሩ ድርሻዬ ነው።»

«ውጪ እኮ ስድስት ብር ገባ! ኪሎው ስድስት ብር! ማሩስ ብትይ፣ ባለፈው ገበያ ያን እፍኝ የማታህል ማር አምስት ብር ከሃምሳ ብሎኝ፣ ንቧን ጨምረህ ነው ወይ የምትሸጠው ብዬው...» ታንጉት ከማር ወደ ላምባ፣ ከላምባ ወደ ሳሙና ተሻገረች። ከወትሮዋ ቁጥብ ሴት ናት። ዋጋ መቁጠር ከጀመረች የምትሸሽገው ነገር አለ ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት ታናሽ እህቷ ካላወቀች ማን ያውቃል። አምሳል እየሰማች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የአንሙትን ዓይን ገልጣ አየች። አስኳል ማለት ያንሰዋል። ክንዱን ያለማቋረጥ ያክካል፤ አልጋው ሥር ያለው ጣሳ ውስጥ ሽንቱ የጠቆረ ሻይ መስሏል። «እጅህን እንዲህ ዘርጋልኝ፤ መዳፍህን ቀና አድርግ» አለችው። ዘረጋ። መዳፎቹ ቀና ብለው መቆም አቃታቸው፤ እየወደቁ፣ እየተነሡ ተርገበገቡ። ቀኑን ጠየቀችው። «እኔ እንጃ፣ እማ» አላት። እናቱ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ እማ ያለው ግን አክስቱን ነው። ታንጉት ሳቅ ብላ «እንቅልፍ ነው፤ ገና አልነቃም» አለች። አምሳል ግን ከአልጋው ተነሣች። ጉበት ሲደክም ሰው ራሱን ይስታል፣ እጅ ይርገበገባል ብለው አስተምረዋታል፤ ከዚያ በኋላ ስላለው ነገር ብዙም አላስተማሯትም፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ስለሌለ ነው።

ክሊኒኩ ከሻይ ቤቱ የሰባት ደቂቃ መንገድ ነው፤ አምሳል በአራት ደቂቃ ደረሰች። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በአህያና በገብስ ጆንያ ተሞልቷል። ሰላምታ የሰጣትን ሁሉ ግማሹን ሰምታ፣ ግማሹን ሳትሰማ አለፈች። ጤና መኮንኑ ሸጋው ለስብሰባ ጎንደር ከወረደ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሲሄድ ስለ አንሙት «ቫይረስ ነው፤ ይተኛ፣ ጣፋጭ ነገር ይብላ፣ ውኃ አፍልታችሁ ስጡት» ብሏት ነበር። መልካም ልጅ ነው፤ የተማረውን በደንብ የተማረ። ግን ደባርቅ ከመጣ ገና አምስት ወሩ ነው፤ ሰው ለሐኪም የሚነግረውንና የማይነግረውን ለይቶ አያውቅም። ክሊኒኩ በረንዳ ላይ ሁለት ቢጫ ጎረምሶች ከየእናታቸው ጋር ተቀምጠዋል። አንዱ ሻረው ነው፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልጅ። ሌላው ታገኘ ይባላል፤ ከዳባት መንገድ። ሁለቱም የመጡት መድኃኒት ፈልገው አልነበረም። «ዛሬ ከሰዓት ቦርዱ ይቀመጣል፤ ያችን ወረቀት እንድትጽፊልን ነው» አለች የሻረው እናት፣ ወለሉን እያየች።

ያች ወረቀት የአሥራ አምስት ቀን ወረቀት ናት። ለብሔራዊ ውትድርና የተጠራ ልጅ በምልመላው ቀን ታሞ ከተገኘ ቦርዱ አሥራ አምስት ቀን ይሰጠዋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይታያል። ወረቀቷን የምትሞላው አምሳል ናት። ለአንሙት ሁለት ጊዜ ስትሞላለት፣ ይህችን ታህል እንኳ ለእህቴ ልርዳት ብላ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ወደ ውስጥ ገባችና የበሽተኞቹን መዝገብ ጎትታ አውጥታ ገጹን በሌባ ጣቷ እየተከተለች ወረደች። ቦርዱ የተቀመጠው ጥር አሥር ነው፤ አንሙት ቢጫ የሆነው ጥር ስምንት። ጥር አሥራ ስምንት ሽንቱ ጠርቷል፣ እህል ቀምሷል ብላ በገዛ እጇ ጽፋለች። ጥር ሃያ ሦስት እንደገና ቢጫ። ጥር ሃያ አምስት ቦርዱ ተቀመጠ። ዛሬ የካቲት አሥር ነው። የሻረውንና የታገኘን ስም ፈለገች፤ የእነሱም ቀን እንዲሁ ነው፤ በቦርዱ ዋዜማ ይታመማሉ፣ ቦርዱ ሲነሣ ይሽላቸዋል። ቫይረስ የቦርድ ቀን አያውቅም። ደግሞስ የሚጋባ በሽታ ቢሆን፣ ከአንሙት ጋር ባንድ ትሪ የምትበላው እህቱ ለምን አልታመመችም? በታንጉት ብርጭቆ የሚጠጡት ሹፌሮችስ? ከዚህ ሁሉ አገር ቢጫ የሆኑት የጥሪ ወረቀት የደረሳቸው ሦስት ወንዶች ብቻ ናቸው። እናቶቹ ቢጫ የሚያደርግ ነገር እያጠጧቸው ነው። አምሳል መዝገቡን ዘጋችው። አሥራ አምስት ቀን በሰጠቻቸው ቁጥር ሌላ መጠጫ ቀን ቆርጣላቸዋለች ማለት ነው።

የሻረውን እናት ለብቻዋ ጠርታ ምን እንዳጠጣችው ጠየቀቻት። «ፀበል ብቻ» አለች ሴትዮዋ፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢሉ አፏ አልተከፈተም። ሊከፈትም አይችልም። የሥር መድኃኒት ስሙ ከተነሣ ይረክሳል፤ ይህን እነ አምሳልም በልጅነታቸው ተምረውታል። ያ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ልጅን ከውትድርና ማስቀረት ያሳስራል። ጠያቂዋ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቦርዱን ከሚመራው መቶ አለቃ ጋር የምትቀመጠው አምሳል ናት።

አምስት ሰዓት ላይ ነጭ ገዋኗን እንደለበሰች ወደ ሻይ ቤቱ ተመለሰች። ታንጉት ከኮምፖርሳቶው ወዲህ ብርጭቆ ታጥባለች፤ አንሙት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንቅልፍ ወስዶታል። አምሳል መጋረጃውን ጣለችና በሹክሹክታ «እትዬ፣ ሥር ነው ቅጠል?» አለቻት።

«የምኑ?»

«የምታጠጪው።»

ታንጉት አንዱን ብርጭቆ ሁለቴ አጠበችው። ከዚያ ስለ ሳሙና ልትጀምር አፏን ስትከፍት አምሳል ክንዷን ያዘች። «ጉበቱ እያለቀ ነው። ጠዋት እኔን እማ ብሎ የጠራኝ እንቅልፍ ይዞት አይደለም፤ ራሱን እየሳተ ነው። አንድ ጊዜ ከደገምሽው አይነሣም። እኔ ልጠይቅሽ የመጣሁት ለቦርዱ አይደለም፤ እኔ እህትሽ ነኝ።» ታንጉት ሳጥኑ አጠገብ ተንበርክካ ከፈተችውና፣ ከልብሱ ሥር በጨርቅ የተወተፈ አረንጓዴ ጠርሙስ አወጣች። ግማሽ ደርሷል። ወልደ ሩፋኤል የሚባል መድኃኒት አዋቂ ቆላ ወርዶ ያመጣው ሥር ነው። ስሙን እሷም አታውቅም፤ ሰውዬውም ለማንም አልነገረም። ለመጀመሪያው ቦርድ አንድ ማንኪያ ነበር። ለሁለተኛው ሁለት፤ በአንዱማ ዓይኑ አልደፈርስ አለ። ትናንት ሦስት።

«ሦስት! ምነው እትዬ፣ ምነው ብትነግሪኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? አንቺ የመንግሥት ነሽ።» ይህን ስትል አላፈረችም፤ እንደ ዋጋ ነው የተናገረችው። «ደግሞ አሥራ አምስት ቀን፣ አሥራ አምስት ቀን የምትይው አንቺ አይደለሽም ወይ? አሥራ አምስቱ ቀን ሲሞላ ዓይኑ እንደ ወተት ነጥቶ ልውሰደውላቸው?»

«ይሞታል እኮ ነው የምልሽ።»

«ይሙት» አለች ታንጉት። «እዚህ ይሙት። ጊዮርጊስ እቀብረዋለሁ። አርባውን አወጣለታለሁ፤ ተዝካሩን አበላለታለሁ፤ ሲከፋኝ ሄጄ ራስጌው ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። ለያየህ ምን አደረግሁለት? የት ሄጄ ነው የማለቅሰው? ሞቷል ብዬ እንዳላለቅስ መርዶ የለኝ፤ አለ ብዬ እንዳልጠብቅ...» ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ከወዲያ ሹፌሮቹ ይስቃሉ። አምሳል አጠገቧ ተንበረከከች። አዘነችላት፤ ተናደደችባትም። ከሁሉ ይልቅ ግን ‹የመንግሥት ነሽ› ያለቻት ውስጧን አቃጠላት። ታንጉት ለእሷ ትምህርት የእጇን አምባር ሸጣለች፤ በዚያ አምባር ያስተማረቻትን እህቷን ፈርታ ግን፣ አምሳል በጓሮ በር በገባች ቁጥር ወር ሙሉ ጠርሙሱን እየደበቀች ኖራለች።

«አሥራ አምስት ቀን አልጽፍም» አለች አምሳል። «ከጥሪው ዝርዝር ለሁልጊዜ አስሰርዘዋለሁ። ጠርሙሱ ግን ከዚህ ቤት ይውጣ። ነገ በመጀመሪያው መኪና ጎንደር ይዘሽው ትወርጃለሽ፤ ለሐኪሙም እውነቱን ትነግሪዋለሽ።»

«አስሰርዘሽ አሳዪኝ» አለች ታንጉት። «ያኔ የምትዪኝን አደርጋለሁ።»

ስምንት ሰዓት ላይ በቀበሌው አዳራሽ ሦስቱ ቢጫ ልጆች አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ነበር። ከጠረጴዛው ኋላ መቶ አለቃው፣ ከጎኑ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አሻግሬ፣ ከጫፍ ደግሞ አምሳል ናት። መቶ አለቃው ከኮታው አሥራ አንድ ሰው ጎድሎበት ቆጥቷል። የአንሙትን መታወቂያ ተቀብሎ እያገላበጠ «ይኼ ልጅ ዛሬም ቢጫ ነው? አሥራ አምስት ቀን ስጡትና ቀጣዩን ጥሩ» አለ።

አምሳል ክሊኒኩ ውስጥ ቁጭ ብላ ያሰበችውን በልቧ ደገመችው። እውነቱን ብትናገር ልጁ ሲድን ይሄዳል፣ እናቱ ትታሰራለች። ዝም ብትል ይጠጣል። የቀረው ሸጋው ተሳስቶ የተናገረውን ነገር፣ ስሕተት መሆኑን እያወቀች መናገር ነው። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ይኼ በአሥራ አምስት ቀን የሚለቅ አይደለም» አለች። «ተላላፊ የጉበት በሽታ ነው። ሦስቱም ላይ ያው ነው። ማሠልጠኛ ቢገቡ በወር ውስጥ ድንኳኑን ሁሉ ያዳርሱታል።»

«በምንድን ነው የሚተላለፈው?»

«በውኃ፣ በዕቃ፣ በእጅ።»

መቶ አለቃው መታወቂያውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሰውዬው ጦር ሜዳ ያየ፣ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ነው፤ ከአንሙት መታወቂያ ግን እንደዚያ ሸሸ። «ስረዟቸው» አለ። «ሦስቱንም! አሁኑኑ ከዚህ ይውጡልኝ!» ጓድ አሻግሬ ግን ቀለሙ ተለዋውጦ ብድግ አለ። «እኔ እኮ ዛሬ ጠዋት እዚያ ቤት ሻይ ጠጥቻለሁ! ሁለት ብርጭቆ!» በዚህ ምክንያት ደግሞ እዚያው በዚያው ሌላ ውሳኔ ተወሰነ፤ የታንጉት ሻይ ቤት ለሦስት ወር ይታሸግ። አምሳል ወረቀቶቹን ፈረመች። ሸጋው ከጎንደር ሲመለስ መዝገቡን አምኖ በየጉድጓዱ ክሎሪን ሲጨምር ይከርማል ብላ አሰበችና፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንዳለች ሳቅ ሊያመልጣት ደረሰ።

ወደ እህቷ ቤት ስትደርስ የፊት ለፊቱ በር ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። አንሙት በጓሮ በር ገብቶ ተኝቷል። ታንጉት አቅፋ ጉንጯንም፣ አንገቷንም፣ ያገኘችውን ሁሉ ሳመቻት፤ ስለ ሻይ ቤቱ «ይዘጋ! ለዘላለም ይዘጋ!» አለች። ለነገው መንገድ ልብስ እየቋጠረች ነው። አምሳል ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ወንበር ላይ በወጉ ተቀመጠች። ሳጥኑን ከፍታ አየች።

«ጠርሙሱን የት ደፋሽው?»

«መድኃኒት ይደፋል እንዴ?» አለች ታንጉት፤ ከልቧ ደንግጣ ነው። «እግዜር ይቆጣኛል። ልጇ የተጠራባት ሴት መጣች፣ ከአምባራስ። የልጆቹን መሰረዝ ገበያው ሁሉ ሰምቶታል። እግሬ ላይ ወድቃ ስታለቅስ ምን ላድርግ፤ አራት አድርጊለት ብዬ ሰጠኋት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ከመጎተት አንዴ መገላገል ይሻላል።»

«እንዴት ያለች ናት?»

«ነጭ አህያ አላት፤ ቆርቆሮ ጭናለች። ምነው?»

አምሳል ወጣች። ነጠላዋን እንኳ አላነሣችም። ገበያው ተፈትቶ ሰዉ በየአቅጣጫው ይተማል፤ ከባሕር ዛፎቹ ባሻገር የአምባራሱ መንገድ በአህያና በሰው ጠቁሯል። ሮጠች። በደባርቅ ከተማ ነጭ ገዋን ለብሳ ስትሮጥ ያዩ ሁሉ ሰው ሞተ ወይ እያሉ ጠየቁ። ቆርቆሮው ፀሐይ ላይ ሲያብለጨልጭ ያየችው መንገዱ ሊታጠፍ ሲል ነው። ሴትዮዋ አጠር ያለች፣ ፊቷ በብርድ የተሰነጣጠቀ ናት፤ የሺወርቅ እባላለሁ አለች። ጠርሙሱ በብብቷ ሥር ነው፤ አምሳል ስትጠይቃት ይበልጥ አጥብቃ ያዘችው።

«መርዝ ነው» አለቻት አምሳል እያለከለከች። «ጉበት ይጨርሳል። ልጅሽን ትገይዋለሽ።»

«የእህትሽን ልጅ ገደለው?»

«ሊገድለው ነው!»

«ተሰረዘ ነው እኮ ያሉኝ፣ የኔ እናት። ሞተ አላሉኝም።» ሴትዮዋ የተናገረችው በለሆሳስ ነው፤ ልትሰድባት ፈልጋ አልነበረም። ግልጽ ነገር የማይገባው የተማረ ሰው እንደገጠማት ሁሉ አዘነችላት።

አምሳል ዞር ብላ አየች። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን አንግተው ሽንኮራ እየመጠጡ ያልፋሉ። እስኪርቁ ጠበቀች። ከዚያ ተጠግታ «ያስሰረዘው ጠርሙሱ አይደለም። እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው» አለች። የሺወርቅ አየቻት። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባት ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

«እንግዲያ ያለ ጠርሙሱም ይሆናል?»

አይሆንም ማለት ነበረባት። ቢጫ ያልሆነን ልጅ ቢጫ ነው ብላ ለመቶ አለቃው እንዴት ታሳየዋለች? ሸጋውስ ነገ ይመለስ የለ? ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ግን ዓይኗ ከጠርሙሱ አልነቀል አለ። «ይሆናል» አለች። «ምንም አታጠጪው። ልጅሽን ይዘሽ ወደኔ ነይ። እኔ እጽፍለታለሁ።»

«በእህትሽ ልጅ ማይልኝ።»

«አንሙትን!»

የሺወርቅ ጠርሙሱን ሰጠቻት። አምሳል ውታፉን ነቅላ መንገዱ ዳር ድንጋዩ ላይ ደፋችው፤ ጥቁር ነው፣ ሽታው የረጠበ አፈር ይመስላል። እስከ መጨረሻው እስኪንጠፈጠፍ ዘቅዝቃ ያዘችው። ቀና ስትል ከአህያዋ ኋላ ሲመጡ የነበሩ ሴቶች ቆመው ሲሰሙ ኖረዋል። አራት ናቸው፤ አምስተኛዋ ጆንያዋን አውርዳ እየተጠጋች ነው። ከፊት የቆመችው ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ አምሳል ጆሮ ጠጋ አለች።

«የኔ ሃያ ዓመቱ ነው» አለቻት። «ስሙን አሁን ልንገርሽ፣ ወይስ የቦርዱ ዕለት?»